አሮጌ የጓሮ ትራክተር አድሶ በደቦ ማረስ፦ ከጋራዥ እስከ ማሳ

በኦሃዮ፣ በኢንዲያናና በአጎራባች የአሜሪካ ግዛቶች የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ትንንሽ የጓሮ ትራክተሮች አድሰው የሚጠቀሙ ሰዎች በፀደይ ወይም ከመከር በኋላ በአንድ ማሳ ላይ ይሰባሰቡና አብረው ያርሳሉ። ከዚህ የእርሻ ደቦ ጋር የተዋወቁ ወገኖች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ በቃላት ይለያይ እንጂ ይዘቱ አንድ ነው፤ «ትራክተሩን ገዛሁ፣ ሞተሩም ይነሳል፤ ማረሻው ግን መሬት አይገባም፣ ጎማው ባለበት ይሾራል፤ ምን ጎደለው?» ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእያንዳንዱ ጠያቂ በቁርጥራጭ ከምመልስ ሙሉውን ሂደት በቅደም ተከተል ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ነው። የጎደለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ 8፣ 9 እና 10 ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ሞተርዎ ጤነኛ ቢሆንም እነዚያን ደረጃዎች እንዳይዘሏቸው አደራ እላለሁ።

ለምሳሌነት የምወስደው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው ኩባንያ ይሠራቸው የነበሩትን ካብ ካዴት 102 እና 122 የተባሉ ባለ ማርሽ ሞዴሎች ነው። የመጀመሪያው 10 የፈረስ ጉልበት ያለውን ኮህለር ኬ241፣ ሁለተኛው 12 የፈረስ ጉልበት ያለውን ኮህለር ኬ301 ሞተር ይዘዋል። የሞተሩ ኃይል ወደ ኋላ የሚተላለፈው ያለ ቺንጊያ፣ በቀጥታ በብረት ዘንግ ስለሆነ ለእርሻ የተመቹ ናቸው። የዚያን ዘመን ጆን ዲር 110 ወይም ዊል ሆርስ ያላቸው አንባቢዎችም፣ ብዙዎቹ የኮህለር ኬ ቤተሰብ ሞተር የተገጠመላቸው በመሆናቸው፣ የሞተሩን ክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ መጠኖቹን ግን በራሳቸው ሞዴል መጽሐፍ ማመሳከር አለባቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የትራክተሩና የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ (የሞተሩ ቁጥር የተጻፈው የአየር ሽፋኑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ነው)
- በኢንች የተለኩ የመፍቻ ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ
- የክፍተት መለኪያ ቅጠሎች፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ
- ክሪክና ቢያንስ ሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያ
- አዲስ ካንዴላ፣ ፑንቲና (የማቀጣጠያውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ መገናኛ)፣ ኮንደንሰር፣ የነዳጅ ቱቦና ማጣሪያ፣ የካርቡራተር መጠገኛ ኪት፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)
- የሞተር ዘይት ኤስኤኢ 30፣ ለማርሽ ሳጥኑ ሃይ ትራን የተባለው ዘይት ወይም ተመጣጣኙ፣ ግራሶ
- የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ መሞረጃ ማሽን፣ ጸረ ዝገት ቀለም
- 10 ኢንች ስፋት ያለው ባለ አንድ ማረሻና ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው መያዣ (ብሪንሊ የተባለው በብዛት ይገኛል)
- የኋላ ጎማ ክብደቶች፣ ጥልቅ ጥርስ ያላቸው የእርሻ ጎማዎች ወይም የጎማ ሰንሰለት
- 5 ወይም 6 ኢንች ከፍታ ያለው ጠንካራ እንጨት፣ የደረጃ መለኪያ (ሊቬላ)፣ ሜትር፣ ካስማዎች
- የእሳት ማጥፊያ፣ የዓይን መከላከያ፣ ለጥቃቅን ብናኝ የሚሆን ጭንብል፣ ጓንት

ከመጀመርዎ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

የዚያ ዘመን የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ፣ ቀለሙም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ብናኙን በኮምፕሬሰር አይንፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ያንሱት፤ ቀለም ሲፍቁም ጭንብል ያድርጉ፣ የሥራ ልብስዎንም ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይጠቡ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ ያጸዱትን ብረት ፈጽሞ አይበይዱ፤ ፈሳሹ በሙቀት ወደ ገዳይ ጋዝ ይለወጣል። በክሪክ ብቻ በተነሳ ትራክተር ሥር አይግቡ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አያስነሱ።

እነዚህ ትራክተሮች ሲገለበጡ ሹፌሩን የሚጠብቅ ፍሬም የላቸውም። ግንድም ሆነ የተጣበቀ ትራክተር ሲጎትቱ ሰንሰለቱን ከኋላው የጎማ ዘንግ በላይ ካሰሩት ፊቱ ተነሥቶ በሹፌሩ ላይ ሊገለበጥ ስለሚችል ሁልጊዜ ከዘንጉ በታች፣ በመጎተቻው ላይ ብቻ ይሰሩ።

ደረጃ 1፦ ሳይፈቱ ይመርምሩ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉ። ከዚያ ሁሉንም ጎን፣ በተለይ የሽቦዎችንና የካርቡራተር ዘንጎችን አቀማመጥ ፎቶ ያንሱ፤ ከወራት በኋላ ሲገጥሙ ከማስታወስ ይልቅ ፎቶ ይረዳዎታል። የሞተሩን ዘይት መለኪያ አውጥተው ይመልከቱ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ካርቡራተሩ እያፈሰሰ ነው። የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል፤ ውኃው በክረምት በረዶ ሠርቶ ብረቱን ከመሰንጠቁ በፊት ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት።

ደረጃ 2፦ ሞተሩ በእጅ መዞሩን ያረጋግጡ

ካንዴላውን ፈትተው ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። ካልዞረ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ለማስገደድ አይሞክሩ። በካንዴላው ቀዳዳ የአሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ድብልቅ ያፍሱና ለጥቂት ቀናት ይተዉት፤ ከዚያ በቮላኖው (ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) መሃል ባለው ቡሎን ላይ ቁልፍ አግብተው ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ ያነቃንቁት። በእነዚህ ሞተሮች የፒስተኑ ዘንግ አሉሚኒየም ስለሆነ ኃይል ሲበዛበት ይሰበራል፤ ትዕግሥት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሞተሩ ከዞረ በኋላ የአየር ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ይፍቱ። አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የአይጥ ጎጆ፣ ሣርና በዘይት የተለወሰ አቧራ በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል ተጠቅጥቆ ያገኛሉ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው፤ ማረስ ደግሞ ከሣር ማጨድ ይልቅ ለረዥም ጊዜ ሙሉ ጉልበቱን ይጠይቀዋል። ይህን ሳያጸዱ ማሳ ላይ የሚወጡ ከሆነ ቀሪውን ሥራ ሁሉ በከንቱ ደክመውበታል።

ደረጃ 3፦ ማቀጣጠያ

ፑንቲናው የሚገኘው በሞተሩ ጎን፣ በትንሽ ክዳን ሥር ነው። አዲሱን ከገጠሙ በኋላ ቮላኖውን እያዞሩ ፑንቲናው በጣም በተከፈተበት ቦታ ላይ ያቁሙትና ክፍተቱን 0.020 ኢንች (0.5 ሚሊሜትር ገደማ) ያድርጉት። ትክክለኛው ማስተካከያ ግን የመክፈቻው ሰዓት ነው፦ ቮላኖው ላይ «ኤስ» የሚል ፊደል ተቀርጾበታል፤ ምልክቱ በመመልከቻው ቀዳዳ መሃል ሲደርስ፣ ማለትም ፒስተኑ አናት ላይ ሊደርስ 20 ዲግሪ ሲቀረው፣ ፑንቲናው መከፈት መጀመር አለበት። በኤሌክትሪክ መለኪያ ሲፈትሹት ቅጽበቱ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የካንዴላው ክፍተት 0.035 ኢንች (0.9 ሚሊሜትር ገደማ) ነው።

ደረጃ 4፦ ነዳጅ

ሰርባቶዮውን ያጥቡ፤ የጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ ይቀይሩ፤ ካርቡራተሩን ፈትተው ጥቃቅን መተላለፊያዎቹን በማጽጃና በአየር ይክፈቱ። የማስተካከያ መርፌዎቹን ሲመልሱ ጫፋቸው እስኪነካ ብቻ በጣት ያስገቡ፤ ካጠበቋቸው መቀመጫቸው ይበላሻል። በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል ስላለው እርጥበት ይስባል፤ ትራክተሩ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ኤታኖል የሌለውን ይጠቀሙ፣ ወይም ከሥራ በኋላ ሰርባቶዮውንና ካርቡራተሩን ባዶ ያድርጉ።

ደረጃ 5፦ ቫልቭ፣ ቴስታታና ዘይት

ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አንሥተው ካርቦኑን ይፋቁ፤ ሲመልሱ አዲስ ጓርኒሲዮን ገጥመው ቡሎኖቹን በመጽሐፉ ቅደም ተከተል፣ ደረጃ በደረጃ ያጥብቁ። ለኬ241 እና ለኬ301 በቀዝቃዛ ሞተር የመግቢያው ቫልቭ ክፍተት ከ0.008 እስከ 0.010፣ የመውጫው ከ0.017 እስከ 0.020 ኢንች ነው። መውጫው በጣም ስለሚግል ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀርና ይቃጠላል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ለማስነሳት እንዲቀል ግፊቱን የሚቀንስ መሣሪያ ስላለ፣ በተራ የግፊት መለኪያ የሚያነቡት ቁጥር ዝቅ ብሎ ቢያስደነግጥዎ በዚያ ብቻ ሞተሩ አልቋል ብለው አይወስኑ።

ሞተሩን እስከ ውስጥ የሚፈቱ ከሆነ፣ ንዝረት ለመቀነስ የተጨመሩ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች (የማመጣጠኛ ጊርስ) መኖራቸውን ይመልከቱ። እነዚህ ሲያረጁ ተሰብረው የሞተሩን ግድግዳ ሊበሱ ስለሚችሉ ብዙ አዳሾች አውጥተዋቸው ይዘጋሉ፤ እኔም ይህንኑ እመክራለሁ።

አንድ ነገር በደንብ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ይህ ሞተር የዘይት ፓምፕ የለውም፤ ዘይቱን የሚረጨው የፒስተኑ ዘንግ ራሱ ነው። ሲያርሱ ቀኝ ጎማዎችዎ ፈር ውስጥ ስለሚሆኑ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይሠራል። ዘይቱ ትንሽ እንኳ ከጎደለ ዘንጉ ዘይት አያገኝም። ከማረስዎ በፊትና በየዕረፍቱ ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ።

ደረጃ 6፦ ፍሪሲዮን፣ ዘንግና ፍሬን

የኃይል ማስተላለፊያውን ዘንግ ይዘው በእጅ ያወዛውዙት። ከተንሸዋለለ የመያዣ ፒኖቹ ቀዳዳዎች በልተው ሰፍተዋል ማለት ነው፤ ማረሻው ድንጋይ ሲመታ የሚበጠሱት እነዚህ ፒኖች ናቸው። የፍሪሲዮኑ መልቀቂያ ኩሽኔታና ማንሻው መካከል 0.050 ኢንች ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ክፍተት ከሌለ ኩሽኔታው ያለ ዕረፍት እየተሽከረከረ ይቃጠላል፣ ፍሪሲዮኑም ጭነት ሲመጣ ይንሸራተታል። ፍሬኑን ተዳፋት ላይ ይሞክሩ። የማይይዝ ፍሬን ያለው ትራክተር ወደ ደቦ አይሄድም።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪክና ቀለም

በእነዚህ ሞዴሎች ሞተሪኖውና ዲናሞው አንድ አካል ናቸው። ከተፈታ ወይም ለረዥም ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ ባትሪ አልሞላ ካለ መጀመሪያ ቺንጊያውንና ሽቦዎቹን ይመልከቱ። ከዚያ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ በሬጉሌተሩ ላይ የባትሪና የዲናሞ ምልክት ያለባቸውን ሁለት ነጥቦች በሽቦ ለቅጽበት ያነካኩ፤ ይህ የዲናሞውን መግነጢስ አቅጣጫ ያስይዛል። ይህ የሚሠራው ለዴልኮ ሬሚ ዓይነት ብቻ ነው።

ቀለም የሚቀባው ትራክተሩ በሚገባ ከሠራ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከቀቡት የሚፈስ ዘይትና የመፍቻ ቁልፍ ያበላሹታል።

ደረጃ 8፦ ጎማና ክብደት

ትራክተሩ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያዞረው በዲፈረንሻል ነው፤ ዲፈረንሻል ደግሞ ኃይሉን ለመዞር ወደቀለለው ጎማ ይለቀዋል። ቀኝ ጎማ ፈር ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል ያልታረሰው መሬት ላይ ያለው የግራ ጎማ ይቀልና ባለበት መሾር ይጀምራል። «ጎማው ይሾራል» የሚለው ጥያቄ መልስ ይህ ነው። በሁለቱም በኩል ክብደት ይሰሩ፤ ትርፍ ክብደት ካለዎት ለግራው ይጨምሩ።

ጎማውን በፈሳሽ መሙላትም ይቻላል፤ ንፋስ መሙያውን ወደ ላይ አድርገው እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ የማይበርድ ፈሳሽ ይሙሉ። ካልሲየም ክሎራይድ ቸርኬውን ስለሚበላው አልመክረውም። የኋላውን ንፋስ ከ6 እስከ 10 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያድርጉ፤ ለስለስ ያለ ጎማ መሬቱን በሰፊው ይጨብጣል። በ10 ኢንች ማረሻ ለሚያርስ ሰው 8.50 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ከ10.50ው ይሻላል፤ ሰፊው ጎማ በፈሩ ውስጥ ተመቻችቶ አይሄድም፣ የተገለበጠውን አፈርም ይረግጣል።

ደረጃ 9፦ ማረሻውን ያወልውሉ

የብረቱ ማረሻ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት፦ ከሥር መሬቱን የሚቆርጠው ስለት፣ አፈሩን የሚገለብጠው ጎባጣ ክንፍ፣ እንዲሁም በግራ በኩል የፈሩን ግድግዳ እየተደገፈ ማረሻው ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው የጎን ብረት። ክንፉ ዝገት ወይም ቀለም ካለበት አፈሩ ይጣበቅበታል፤ የተጣበቀው አፈር በሌላ አፈር ላይ ስለሚፋተግ ማረሻው መሬቱን ይገፋል እንጂ አይገለብጥም። ስለዚህ ክንፉን፣ ስለቱንና የጎን ብረቱን አፈሩ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ከጫፍ ወደ ኋላ፣ በመሞረጃ ማሽን ከዚያም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። በጣት ሲዳሰስ ጉድጓድ የማይሰማበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ቀሪውን አሸዋማ አፈር ራሱ ያወለውለዋል። አዲስ ማረሻ የገዛ ሰው የፋብሪካውን ቀለም ከክንፉ ላይ ማንሳት አለበት።

ስለቱ ጫፍ ላይ ደንዝዞ ከተጠቀለለ ይሳሉት ወይም ይቀይሩት። ጫፉ በትንሹ ወደ ታች ማዘንበሉ ነው ማረሻውን ወደ መሬት የሚስበው፤ ይህ ካለቀ ምንም ክብደት ቢጭኑበት መሬት አይገባም።

ደረጃ 10፦ ማረሻውን ጋራዥ ውስጥ ያስተካክሉ

የ10 ኢንች ማረሻ ተገቢ ጥልቀት የስፋቱ ግማሽ ያህል፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ኢንች (ከ13 እስከ 15 ሳንቲሜትር) ነው። ከዚህ ከጠለቀ የተቆረጠው አፈር ሳይገለበጥ ተመልሶ ይቆማል። ማስተካከያው እንደሚከተለው ነው፦

ሀ. ትራክተሩን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙና የግራ ጎማዎቹን፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ ማረስ በሚፈልጉት ጥልቀት ልክ ከፍታ ባለው እንጨት ላይ ያውጡ። አሁን ወለሉ የፈሩ መሬት፣ እንጨቱም ያልታረሰው መሬት ሆነ። ጎማዎቹን በድንጋይ ያግዱ።

ለ. ማረሻውን ወለሉ ላይ ይልቀቁት። ከኋላ ሲያዩት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ሊቬላውን ቋሚው ብረት ላይ አድርገው በመያዣው ማስተካከያ ያቅኑት። ይህን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ያለ እንጨት፣ ካደረጉት ማሳ ላይ ሲደርሱ ማረሻው ከትራክተሩ ጋር ወደ ቀኝ ይዘነበላል።

ሐ. ከጎን ሲያዩት የስለቱ ጫፍና የጎን ብረቱ የኋላ ጫፍ ሁለቱም ወለሉን ይንኩ። ኋላው ተንጠልጥሎ ጫፉ ብቻ ከነካ ማረሻው ያለ ልክ ይጠልቃል፣ ትራክተሩም ይቆማል። ጫፉ ከተነሣ ደግሞ መሬቱን እየፋቀ ያልፋል።

መ. ማረሻው የሚቆርጠው ስፋት 10 ኢንች መሆኑን ከቀኝ ጎማው የውስጥ ጠርዝ ተነሥተው በሜትር ይለኩ፤ ካልሆነ መያዣውን ወደ ጎን ያንሸራቱ ወይም የጎማዎቹን ርቀት ይለውጡ።

ሠ. ማረሻው ከስለቱ ፊት እየተንከባለለ መሬቱን ቀድሞ የሚቆርጥ ክብ ቢላ ካለው፣ ቢላው ከጎን ብረቱ መስመር ወደ ግራ ግማሽ ኢንች ወጥቶ እንዲቆርጥና ከጥልቀቱ ግማሽ ያህል እንዲገባ ያድርጉ። የፈሩ ግድግዳ ንጹሕ ሆኖ የሚቆረጠው በዚህ ነው።

ደረጃ 11፦ መሬቱን ይፈትሹ

በአሜሪካ ማንኛውም መሬት ከመቆፈሩ ከጥቂት የሥራ ቀናት በፊት ወደ 811 ተደውሎ የተቀበሩ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮች በነፃ እንዲመለከቱ ይደረጋል፤ ባለ መሬቱ መደወሉን ያረጋግጡ። ከዚያ ከ10 ሳንቲሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር ወስደው ይጭመቁ። ተጠቅጥቆ በጣት ሲነካ የሚፈረካከስ ከሆነ ለማረስ ደርሷል። እንደ ጭቃ የሚለሰን ከሆነ ይጠብቁ፤ እርጥብ ሸክላ አፈር ሲገለበጥ ይታሸግና ሲደርቅ ዓመቱን ሙሉ የማይፈርስ ጓል ይሆናል።

ደረጃ 12፦ ፈር ይቅደዱ

በበሬ ሲታረስ ላደጉ ሰዎች ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመጣል። የእኛ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ወደ ሁለቱም ጎን ስለሚገፋው ገበሬው ከትልሙ ጫፍ ሲደርስ ዞሮ አጠገቡ መመለስ ይችላል። ይህኛው ግን የሚገለብጠው ወደ ቀኝ ብቻ ስለሆነ አጠገቡ ከተመለሱ አፈሩ ወደ ተቃራኒ ይወድቃል። አካሄዱ ስለዚህ ዙሪያ ነው።

በማሳው ሁለት ጫፍ መዞሪያ ቦታ ይተዉና መስመርዎን በካስማ ያመልክቱ። የመጀመሪያውን ፈር ጥልቀቱን በግማሽ ቀንሰው፣ ዓይንዎን ከሩቁ ካስማ ሳያነሱ ይሂዱ፤ በዚህ ጊዜ አራቱም ጎማዎች ያልታረሰ መሬት ላይ ስለሆኑ ማረሻው ጠማማ ሆኖ ቢታይዎ አይጨነቁ። ጫፍ ላይ ማረሻውን አንሥተው ወደ ቀኝ ይዙሩና፣ ሁለተኛው አፈር በመጀመሪያው ላይ ተደግፎ እንዲወድቅ አድርገው ይመለሱ። መሃል ላይ ዝቅተኛ ጉብታ ይፈጠራል። ከሦስተኛው ጉዞ ጀምሮ ቀኝ ጎማዎችዎን ክፍቱ ፈር ውስጥ አስገብተው፣ ጥልቀቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ፣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እየዞሩ ይቀጥሉ።

በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎሜትር ፍጥነት ይሂዱ። የሞተሩን ፍጥነት ግን ሙሉ ያድርጉት (ገደቡ በደቂቃ 3600 ዙር ነው)፤ የማቀዝቀዣው አየርና የዘይቱ ርጭት ከዙሩ ጋር ስለሚሄዱ በዝቅተኛ ዙር ከባድ ሥራ ማሠራት ሞተሩን ይጎዳዋል።

ደረጃ 13፦ በደቦ ሲያርሱ

ለእያንዳንዱ ትራክተር የራሱን ቁራሽ መሬት በካስማ ይለዩለት፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ስለሚዞር በመዞሪያው ላይ ማን ቅድሚያ እንዳለው አስቀድመው ይስማሙ። በአንድ ፈር ተከታትላችሁ የምታርሱ ከሆነ የፊተኛው በድንገት ሊቆም ስለሚችል የበርካታ ትራክተር ርዝመት ርቀት ይጠብቁ። ጭቃ መከላከያው ላይ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ አያስቀምጡ። ማረሻውን የሚያስተካክለው ሰው ከመጎንበሱ በፊት ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይውረድ። ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ የጋለ ማርሚታ ደረቅ ገለባ ላይ እንዳይቆምም ይጠንቀቁ። የሁለት ሰዎች ማረሻ ጎን ለጎን ሲሠራ የአንዱን ጉድለት ከሌላው ማየት ስለሚቀል፣ የተቸገረ ካለ ሁላችሁም ቆማችሁ አብራችሁ ብታስተካክሉ ጊዜ ትቆጥባላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ማረሻው መሬት አይገባም፦ በማረሻው ላይ ድንጋይ ከመጫን ይልቅ የስለቱን ጫፍና የደረጃ 10ን «ሐ» ይመልከቱ።
- አፈሩ ተቆርጦ ይቆማል፣ አይገለበጥም፦ ጥልቀቱ በዝቷል፣ ፍጥነቱ አንሷል ወይም ክንፉ አልተወለወለም።
- ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፦ የሚቆርጠው ስፋት ከ10 ኢንች በልጧል ወይም የጎን ብረቱ አልቋል።
- ፈሩ እየጠበበ፣ እየሰፋ ይሄዳል፦ ሹፌሩ ወደ ኋላ እያየ ይነዳል። ቀኝ የፊት ጎማዎን ከፈሩ ግድግዳ ጋር አስጠግተው ይያዙት፤ ማረሻውን ለማየት ከፈለጉ ይቁሙ።
- ማረሻው በቀጣዩ ዓመት እንደገና አፈር ይዞ ይቀራል፦ ሲጨርሱ ሳይጸዳ ተቀምጧል። የተወለወለ ብረት በአንድ ሌሊት ጤዛ ይዝጋል፤ ስለዚህ ከማሳው ሳይወጡ አፈሩን ጠርገው ክንፉን፣ ስለቱንና የጎን ብረቱን በሙሉ ወፍራም ግራሶ ይቀቧቸው።